ለረጅም ንባብ የሚመች የአማርኛ ፊደል፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ደንቦቻችን ያልመለሱት ጥያቄ

አንድን የአማርኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ማንበብ የደቂቃዎች ሥራ አይደለም። አማካሪው ረቂቁን ምዕራፍ በምዕራፍ ደጋግሞ ያነብባል፤ ፈታኞች ከዳር እስከ ዳር ይመረምሩታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚያገኙት ተመራማሪዎች ለሰዓታት ይቀመጡበታል። ይህን ድካም ከሚያቀልሉት ወይም ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱ ጽሑፉ የታተመበት የፊደል ቅርጽ፣ በተለምዶ ፎንት የምንለው ነው። ሆኖም ስለ ማጣቀሻ አጻጻፍ፣ ስለ ኅዳግ ስፋትና ስለ ሽፋን አሠራር ገጽ የሚሞላ ደንብ ሲኖረን፣ ስለ ፊደሉ ያለን ብዙውን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከተዘጋጀ መመሪያ የተወሰደ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። ለረጅም ንባብ የሚሆን የአማርኛ ፊደል መመዘኛ መቀዳት ያለበት ከላቲን ፊደል ልማድ ሳይሆን ከፊደሉ ከራሱ ጠባይና ከቁም ጽሕፈት ልምድ ነው። መመዘኛውን በጥናት ለማውጣትም በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የምንገኝ ተመራማሪዎች በቂ ምክንያትና በቂ ሀብት አለን።

ምንም የማያዝዝ ደንብ

በትምህርት ክፍሎች ዘንድ የተለመደው ድንጋጌ «ታይምስ ኒው ሮማን፣ መጠን 12፣ የመስመር ርቀት 1.5» የሚል ነው። ታይምስ ኒው ሮማን እ.ኤ.አ. በ1932 በስታንሊ ሞሪሰን መሪነት ለለንደኑ «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ የተዘጋጀ የላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደላት በውስጡ የሉም። ተማሪው አማርኛውን ጽፎ ይህን ስም ሲመርጥ ኮምፒዩተሩ የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት አምጥቶ በዝምታ ይተካል። በዊንዶውስ ቪስታና በዊንዶውስ 7 ተተኪው ኒያላ ነበር፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኤብሪማም የግዕዝ ፊደላትን ይዟል፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላ ተጠቃሚው ለይቶ ካልጫነው በቀር የማይገኝ ተጨማሪ ሆኗል። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ደንብ በታማኝነት አክብረው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ጽሑፎች ሊያስረክቡ ይችላሉ። የአንዱ ተማሪ ጽሑፍም ቢሆን ከጸሐፊው ኮምፒዩተር ወደ ፈታኙ ሲሻገር መልኩና የገጹ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል።

«መጠን 12» የሚለውም ቢሆን በራሱ ትርጉም አይሰጥም። ቁጥሩ የሚለካው ፊደሉ የሚቀመጥበትን ሰሌዳ እንጂ ፊደሉን ራሱን አይደለም። ቀራጩ በሰሌዳው ውስጥ ፊደሉን አግዝፎ ወይም አሳንሶ ሊያስቀምጠው ስለሚችል፣ በሁለት ፎንቶች 12 ተብሎ የተጻፈ አንድ ቃል በአንዱ ገዝፎ በሌላው አንሶ ይታያል። የመስመር ርቀቱም እንዲሁ ነው። 1.5 የሚለው ቁጥር የሚያባዛው ቀራጩ በፎንቱ ውስጥ የወሰነውን ቁመት ነው፤ ቁመቱ ከፎንት ፎንት ስለሚለያይ ውጤቱም ይለያያል።

«ሰሪፍ» በግዕዝ ፊደል

በላቲን ፊደል ሰሪፍ የሚባለው በሰረዞች ጫፍ ላይ የሚጨመረው ትንሽ እግር ነው። ይህ እግር ዓይንን በመስመሩ ላይ ስለሚመራ ለረጅም ንባብ ይመቻል የሚለው እምነት በአሳታሚዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በዚያው በላቲን ፊደል ላይ የተካሄዱ ሙከራዎች ግን ሰሪፍ ያለው ፊደል ከሌለው በቋሚነት እንደሚበልጥ አላሳዩም፤ ልዩነት ሲገኝም አነስተኛ ነው። ስለዚህ «ሰሪፍ ይሻላል» የሚለውን ፍርድ እንዳለ ወስደን በአማርኛ ላይ ብንጭነው ሁለት ጊዜ እንሳሳታለን፤ መጀመሪያ ነገር ማስረጃው በተገኘበት ፊደል ላይ እንኳ ጽኑ አይደለም፤ ቀጥሎም የእኛ ፊደል አካል ሌላ ነው።

በግዕዝ ፊደል ዋናው ልዩነት እግር ያለውና የሌለው መሆን ሳይሆን የሰረዙ ውፍረት ነው። በቁም ጽሕፈት መቃው ተቀርጾ በብራና ላይ ሲሄድ ቋሚው ሰረዝ ይወፍራል፤ አግዳሚው ይቀጥናል፤ የቋሚው ራስም ዘመም ብሎ ይቆረጣል። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክ ይህን የብዕር ዱካ በተለያየ መጠን ይዘዋል። ኤብሪማ እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ ግን ሰረዙን ከሞላ ጎደል በአንድ ውፍረት ይስላሉ። በእኛ ዘንድ «ሰሪፍ» የሚለው ቃል ጥቅም ካለው ይህን ክፍፍል ለመጥቀስ ብቻ ነው።

ክፍፍሉ ከውበት ያለፈ ፋይዳ አለው። በአማርኛ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ሳይሆን የፊደሉ ቅጥያ ነው። ካዕቡ «ቡ» ከግዕዙ «በ» የሚለየው በወገቡ ላይ በወጣች ጭረት ነው፤ ሣልሱ «ቢ» በእግሩ ግርጌ ባለች ጭረት፤ ኃምሱ «ቤ» በትንሽ ቀለበት፤ ራብዑ «ባ» በእግሮቹ ርዝመት መበላለጥ። «ሀ» እና «ህ»፣ «ዐ» እና «ዕ»፣ «ፀ» እና «ፅ» የሚለያዩባት ምልክት ከዚህም ታንሳለች። የላቲን አንባቢ አንዲት አናባቢ ብትደበዝዝበት በቃሉ ውስጥ የተነባቢዎቹ ቅርጽ ይቀርለታል። የአማርኛ አንባቢ ግን ቅጥያዋ ከጠፋችበት ግስ ወደ ስም፣ አንቀጹም ከአንዱ አድራጊ ወደ ሌላው ሊዞርበት ይችላል። አንባቢው ከዐውዱ ተነሥቶ ያርመዋል፤ ነገር ግን በመቶ ገጽ ውስጥ በየመስመሩ ማረም ድካም ነው።

ከዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ ይገኛል፦ ለረጅም ንባብ የሚሆን ፊደል ገላውን በቋሚ ሰረዝ አጽንቶ፣ ቅጥያውን ለብቻው ጎልቶ እንዲታይ የሚያደርግ መሆን አለበት። የወፍራምና የቀጭን ልዩነት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሁሉም ሰረዝ አንድ ውፍረት ሲኖረው ገላውና ቅጥያው እኩል ይጮኻሉ፤ ገጹም ጠቆር ያለ ወጥ መረብ ይመስላል።

ቁም ጽሕፈት የሚያስተምረውና የማያስተምረው

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮም ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከ1548 እስከ 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። የእርሳስ ፊደሉ አርአያ የብራና ጽሕፈት ነበር። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ግን ፊደሉ ከመኪናው ቁልፎች ቁጥር ጋር እንዲጣጣም ተበጣጥሶ ገላና ቅጥያ ለየብቻ እየተመቱ የሚገጣጠሙ ሆኑ። በመኪና የተጻፈ የቢሮ ደብዳቤ ያየ ሁሉ ከገላው የራቀችውን ወይም በላዩ ላይ የወጣችውን ቅጥያ ያስታውሳል። ኮምፒዩተር ይህን ገደብ አስወግዷል። እያንዳንዱን ፊደል ቁም ጸሐፊ እንደሚያደርገው እንደ አንድ ሙሉ አካል መሣል ዛሬ ይቻላል።

ለዚህ ነው የአካባቢያችን ቁም ጸሐፊዎች እውቀት ለፎንት ጥናት የመጀመሪያ ምንጭ የሚሆነው። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ መርጡለ ማርያምና ደብረ ወርቅ ባሉ ቦታዎች የመጽሐፍ ሀብት ውስጥ የሚገኘው ጥበብ ፊደል መሣልን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ቁም ጸሐፊው በወስፌ መስመር ሲያሰምር የመስመርን ርቀት ይወስናል፤ ገጹን በዓምድ ሲከፍል የመስመርን ርዝመት ይወስናል፤ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፍ አጽንዖትን እንዴት መስጠት እንደሚገባ ይወስናል። እነዚህ ሁሉ ዛሬ በደንባችን ውስጥ በቁጥር የምንጽፋቸው ጉዳዮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ብራናን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ከጎንደር ዘመን ወዲህ ጉልሕና ረቂቅ ተብለው የሚለዩ የአጻጻፍ ዓይነቶች አሉ። ጉልሑ ቆመው ለሚያነቡ አገልጋዮች የሚመች ሰፊ ቦታ የሚበላ ጽሕፈት ነው፤ ረቂቁ ቦታ ይቆጥባል። ሁለቱም ግን የታሰቡት ለብራናና ለጥቁር ቀለም ነው። የእኛ ጽሑፍ የሚታተመው በቢሮ ማተሚያ ነው፤ ከዚያም ኮፒ ይደረጋል፤ ኮፒውም እንደገና ኮፒ ይደረጋል። በብራና ላይ የሚያምር ቀጭን አግዳሚ በሦስተኛው ኮፒ ላይ ይጠፋል፤ ከሱም ጋር የካዕብ ጭረት ትጠፋለች። በአንጻሩ ፊደሉ ከሚገባው በላይ ቢወፍር የኃምስ ቀለበት ይደፈናል፤ «ሌ» ን ከ«ሊ» መለየት ያዳግታል። ሁለተኛው መመዘኛ እንግዲህ ይህ ነው፦ ፊደሉ ሦስት ጊዜ ኮፒ ተደርጎ የካዕቡ ጭረት ያልጠፋ፣ የኃምሱም ቀለበት ያልተደፈነ መሆን አለበት። ይህን ፈተና ማንኛውም የትምህርት ክፍል በአንድ ቀን ሊያደርገው ይችላል።

የሚጠብቀውና የሚላላው

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቁ ፊደላትን በአናታቸው ላይ ነጥብ በማድረግ ለይተዋል። ልብ ወለዱን ለታሪኩ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል፤ ለጽሕፈት ተመራማሪ ግን ታላቅ ሙከራ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ገና ያልደረሰን ነገር፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን ያመለክታል። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው። ጸሐፊው ችግሩን ያዩት እንደ ሰዋስው ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ መፍትሔውን በታተመው ገጽ ላይ፣ በፊደሉ አናት ላይ አኑረውታል።

ልማዱ አልተስፋፋም። ዛሬ ግን የቴክኒክ ሰበብ የለንም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በስሪት 3.0 የግዕዝን ፊደላት ተቀብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በስሪት 4.1 ደግሞ የመጥበቅ ምልክትን ጨምሯል። ምልክቱ በፊደሉ አናት መካከል በትክክል መቀመጡ ወይም ወደ ጎን ተንሸራቶ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር መጋጨቱ የሚወሰነው በፎንቱ አሠራር ነው። የጎጃምን ቃል ግጥም፣ የቅኔ ቤት ንግግርን ወይም የአካባቢውን የአነጋገር ዘዬ በመስክ ቀድቶ በጽሑፉ ውስጥ ለሚያሰፍር ተማሪ ይህ የውበት ጥያቄ አይደለም። ምልክቱን በሥርዓት ማስቀመጥ የማይችል ፎንት መረጃውን ያዛባል። ሦስተኛው መመዘኛ ይህ ነው።

ከፊደሉ ወደ ገጹ

የላቲን ትንንሽ ፊደላት ከፊሉ ወደ ላይ፣ ከፊሉ ወደ ታች ስለሚዘረጉ በመስመሮች መካከል የተፈጥሮ ክፍተት ይኖራል። የግዕዝ ፊደላት ግን አብዛኛዎቹ ሙሉውን ቁመት ይይዛሉ። ከዚህ የተነሣ በአንድ ዓይነት የመስመር ርቀት የተጻፈ የአማርኛ ገጽ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። የመጥበቅ ነጥብ ሲጨመር ደግሞ ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋል። ደንባችን ስለዚህ ርቀቱን በአባዢ ቁጥር ከመወሰን ይልቅ በገጽ ሊኖር የሚገባውን የመስመር ብዛት ቢወስን ማንኛውም ፎንት ሊያመልጠው አይችልም።

የመስመር ርዝመትም እንዲሁ ነው። የኅትመት ባለሙያው ሮበርት ብሪንግኸርስት ለላቲን ጽሑፍ ምቹ ነው የሚሉት መስመር ከ45 እስከ 75 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን ባንድነት ስለሚይዝ ይህ ቁጥር በቀጥታ አይሠራም፤ የራሳችንን ቁጥር በንባብ ፈተና ማግኘት አለብን። ቁም ጸሐፊዎች ገጹን ለሁለት ወይም ለሦስት ዓምድ መክፈላቸው ግን አጭር መስመር የቆየ ልማዳችን እንደሆነ ያሳያል።

በብራና ላይ ቃላት የሚለያዩት በሁለት ነጥብ ነበር፤ መስመር ሲያልቅም ቃሉ በማንኛውም ፊደል ላይ ተቋርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገር ነበር። ዛሬ ሁለት ነጥብን በባዶ ቦታ ተክተናል፤ የኮምፒዩተሩም ፕሮግራም መስመሩን የሚሰብረው ባዶ ቦታ ባለበት ብቻ ነው። የአማርኛ ቃል ቅጥያ እየደረበ ስለሚረዝም፣ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን በተደረገ ገጽ ላይ በቃላት መካከል ሰፋፊ ነጭ ቦታዎች ይፈጠራሉ፤ ከላይ ወደ ታችም እንደ ቦይ ይወርዳሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የቀኙ ዳር እኩል እንዲሆን ማስገደዱን መተው።

የአጽንዖት ነገርም አለ። የማጣቀሻ መመሪያዎች የመጽሐፍ ርእስ ዘመም ተደርጎ እንዲጻፍ ያዝዛሉ። የግዕዝ ፊደል ዘመም የሚባል የአጻጻፍ ልማድ የለውም፤ ፕሮግራሙ የሚያደርገው የቆመውን ፊደል መግፋት ብቻ ነው። በእግር ርዝመትና በጭረት አቅጣጫ የሚለይ ፊደል ሲገፋ መለያው ይታመማል። ርእስን በትእምርተ ጥቅስ ማስቀመጥ ይበቃል። ማወፈርም ቢሆን በጥንቃቄ መሆን አለበት። አቢሲኒካ የተዘጋጀው በአንድ ውፍረት ብቻ ስለሆነ «ቦልድ» ሲባል ፕሮግራሙ በራሱ ያደልበዋል፤ ቀለበቶቹም ይጠባሉ። የምዕራፍ ርእስን በፊደል መጠንና በዙሪያው በሚተው ክፍት ቦታ ማጉላት ከዚህ ይሻላል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የልማድ ነው። ብዙዎቻችን ለዓመታት የጻፍነውና ያነበብነው በፓወር ግዕዝ ነው፤ ዓይናችን ለምዶታል፤ ለምን እንለውጣለን? ልማድ ለንባብ እንደሚያግዝ አይካድም፤ ሰው የለመደውን ፊደል በቀላሉ ያነብባል። ይህ ግን በማንኛውም የንባብ ሙከራ ውስጥ ልማድን ለይተን መቆጣጠር እንዳለብን የሚያስተምር እንጂ የለመድነው የተሻለ መሆኑን የሚያረጋግጥ አይደለም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ሥራዎቻችን ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር መሆናቸውም የልማድ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዘመኑ የስክሪን ነው፤ በስልክና በኮምፒዩተር ላይ ወጥ ውፍረት ያለው ፊደል ይሻላል የሚለው ነው። ለአጭር መልእክትና ለማስታወቂያ ይህ ተቀባይነት አለው። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ዛሬም ታትሞ ይጠረዛል፤ በስክሪን የሚያነበውም ሰው ለሰዓታት ነው የሚያነበው። የስክሪኖች ጥራትም ቀጭኑን ሰረዝ ማሳየት ከማይችሉበት ዘመን አልፏል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ በአማርኛ ንባብ ላይ ጽኑ የሙከራ ማስረጃ ሳይኖር ደንብ ማውጣት ትክክል ነውን? መልሴ ደንብ አሁንም አለ የሚል ነው፤ ያለ ማስረጃ የወጣና የማይሠራ ደንብ። ከፊደሉ ጠባይ የተነሣ ጊዜያዊ ደንብ አውጥቶ በጥናት ማረም ከዚህ የተሻለ ነው።

ምን ይደረግ?

በአጭር ጊዜ የትምህርት ክፍሎች ለአማርኛ ጽሑፍ የተለየ አንቀጽ ሊኖራቸው ይገባል። አንቀጹ ለዋናው ጽሑፍ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን፣ ወፍራም ፊደል የግድ በሚያስፈልግበት ሥራ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክን በስም ቢጠቅስ እመርጣለሁ። ሁለቱም የብዕሩን ዱካ የያዙ፣ በዩኒኮድ የተሠሩ፣ በነጻ የሚገኙና ፈቃዳቸው ማሻሻልን የሚፈቅድ ናቸው። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል፤ በኮፒ ፈተናው የምትጠፋ ጭረት ብትገኝ ማንንም ሳንለምን ልናርማት እንችላለን። የፊደሉ መጠንም በቁጥር ብቻ ሳይሆን በታተመው ፊደል ቁመት በሚሊ ሜትር ይገለጽ። ጽሑፉ ፎንቱን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ ይረከብ።

በረጅም ጊዜ ጉዳዩ የድኅረ ምረቃ የጥናት ርእስ መሆን አለበት። አንድ ዓይነት ምንባብ በተለያዩ ፎንቶች፣ የፊደሉ ቁመት እኩል ተደርጎ፣ ለተለያየ የዕድሜ ክልል አንባቢዎች ቀርቦ የንባብ ፍጥነት፣ የተረዱት መጠንና ረጅም ንባብ ካደረጉ በኋላ የሚሰማቸው ድካም ይለካ። ሥራው የአማርኛን፣ የሥነ ልቡናንና የኮምፒዩተር ሳይንስን ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ነው። ከጎናቸው ቁም ጸሐፊዎች እንደ መረጃ ሰጪ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ተባባሪ ሊቀመጡ ይገባል። በዩኒቨርሲቲያችን በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመው የባህል ጥናት ተቋም ለዚህ ሥራ ተገቢ ቤት ነው፤ የስሙ ባለቤት ጥያቄውን በመጽሐፋቸው ገጾች ላይ አስቀድመው አንሥተውታልና።

አንቀጹን ለመለወጥ የአንድ ቀን ስብሰባ ይበቃል። ጥናቱ ዓመታት ይወስዳል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን መጠበቅ የለበትም፤ በመጪው ዓመት የሚመረቁ ተማሪዎች ጽሑፍ የሚታተመው ጥናቱ ሳይጠናቀቅ ነው።